የእናቴ ልብ ከመቶ 35 ነው ተባለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ ደሴ ናት፤ 66 ዓመቷ ነው። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ማታ ማታም እግሯ እያበጠ ስትቸገር ወንድሜ ወስዶ የልብ አልትራሳውንድ አስነሳት። ወረቀቱን በቴሌግራም ላከልኝ። «ኢኤፍ 35 በመቶ» ይላል። ሚትራል የሚባለው ቫልቭም መካከለኛ ፍሳሽ አለው ይላል። ልቧ 35 እጅ ብቻ ቀረ ማለት ነው? ያለሁት ሪያድ ነው። ሥራዬን ጥዬ ልግባ? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያን ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት አትዪው። መቶ ያመጣ ልብ የለም። የግራው የልብ ክፍል በደም ከሞላ በኋላ በአንድ ምት ሁሉንም አይገፋም። ጤነኛው እንኳ የሚገፋው ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው እዚያው ይቆያል። ኢኤፍ የሚባለው ይኸው በአንድ ምት የሚገፋው እጅ ነው። ስለዚህ 35ቱን ከ100 ጋር ሳይሆን ከ60 ጋር አስተያዪው። ዝቅ ብሏል፤ አልደብቅሽም። ከነትንፋሹና ከነእብጠቱ ሲታይ የልብ ድካም ነው። ግን «65 በመቶው ሞቷል» ማለት አይደለም።

የእኔ አባት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሱ 30 ተባለ። ሐኪም ሆኜም ወረቀቱን ሳነብ ጉልበቴ ከዳኝ። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ከወራት በኋላ ሲታዩ 45 ደረሰ። ለሁሉም እንዲህ አይሆንም፤ ብዙዎች ግን ይሻላቸዋል። ቁጥሩ ራሱ ግምት አለበት፤ ያንኑ ልብ አይቶ አንዱ 35፣ ሌላው 40 ሊል ይችላል።

ቫልቩን በተመለከተ፣ ልብ ሲሰፋ በሮቹ አልገጥም ይሉና ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ልቡ በመድኃኒት ሲሻሻል ፍሳሹም ሊቀንስ ይችላል። በልጅነት ቶንሲል ሰበብ ቫልቩ ራሱ ተጎድቶ ከሆነ ግን ሕክምናው ይለያል። ስለዚህ ወንድምሽ ሐኪሙን «መነሻው ምንድን ነው? ደም ግፊት ነው? የልብ ደም ሥር ነው? ወይስ ቫልቩ?» ብሎ ይጠይቅ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አደራ የምልሽ ነገር አለ። እናትሽ ለጉልበታቸው ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ይነገር። ውሃና ጨው በሰውነት ያስቀራል፤ የደከመ ልብ አይችለውም። የወጡም ጨው ይቀነስ። ሻል ሲላቸው መድኃኒቱን «በቃኝ» እንዳይሉ።

ዛሬ ማታ ሻንጣ አትያዢ። በቀጠሮው ቀን ወንድምሽ ስልክ ይደውልልሽና ሐኪሙን አብረሽ ስሚ። ቁጭ ብለው እንኳ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ይወሰዱ። የምትልኪው ነገር ካለ የሰውነት ሚዛን ላኪ። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ገብተው ሲወጡ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ፤ ወንድምሽ ደብተር ላይ ይጻፍ። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ውሃ ነው፤ ያኔውኑ ለሐኪሙ ይደወል።