ደንቡን የጻፈው ሰው ውጤቱን እንዴት አያውቅም?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ደረሰኞችን በየወጪ ርእሳቸው የሚመድብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሊያስገባ ነው። ባለሙያው ግን ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ አስቀድሞ መናገር እንደማይቻል ነገረን። ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ከሆነ ይህ እንዴት ይሆናል? ከኃላፊነት መሸሻ አይደለምን?

መልስ፦ ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል፤ ባለሙያውም አልዋሸዎትም። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት፣ ደንብን ያወቀ ሰው ደንቡ የሚያስከትለውንም ያወቀ ስለሚመስለን ነው። ባለካሬ ደብተርና እርሳስ ካለዎት ልዩነቱን ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ።

ክሪስቶፈር ላንግተን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው «ጉንዳን»፣ ማለትም በካሬዎች ሜዳ ላይ የሚራመድ ምናባዊ ነጥብ፣ ሁለት ደንብ ብቻ አለው። ነጭ ካሬ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ካሬውን ያጠቁራል፣ አንድ ካሬ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ጥቁር ካሬ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል፣ ካሬውን ያነጣል፣ እንደዚሁ ይራመዳል። በዕጣ የሚወሰን ነገር የለበትም። ሁሉም ካሬ ነጭ ከሆነበት ሜዳ ሲነሣ በአራት እርምጃ አራት ጥቁር ካሬዎች ሠርቶ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ እርምጃዎችም ዓይን የሚስቡ ቅርጾች ያወጣል። ከዚያ በኋላ 10,000 እርምጃ ገደማ እስኪሞላ ድረስ መልክ የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። (ይህን ሁሉ በእርሳስ ይሞክሩ አልልም፤ እኔ ሁለት መቶ ሳልሞላ ተሳስቼ ትቼዋለሁ።) ቀጥሎ ግን በየ104 እርምጃው ራሱን የሚደግም ሰያፍ ጎዳና መዘርጋት ይጀምርና ማቆሚያ በሌለው መልኩ ይቀጥላል።

ደንቡን መቶ ጊዜ ቢያነቡት 104 የሚለውን ቁጥር አያገኙበትም፤ የታወቀው ጉንዳኑን በማስኬድ ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ጉንዳኑ በአንድ ክልል ታጥሮ እንደማይቀር አረጋግጠዋል፤ ሜዳው ላይ ቀድሞ ጥቂት ጥቁር ካሬዎች ቢበተኑበት መድረሻው ሁልጊዜ ያው ጎዳና መሆኑን ግን፣ የተሞከሩት ሁሉ ወደዚያው ቢያመሩም፣ ያረጋገጠ የለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግም የትኛውም ፕሮግራም ይቆም እንደሆነ ወይም አይቆም እንደሆነ ሳይሳሳት የሚለይ አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል እ.ኤ.አ. በ1936 አሳይቷል።

በእናንተ ፕሮግራም ላይ ነገሩ አንድ እርከን ይብሳል። ዛሬ የምናየው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአብዛኛው ማባዛትና መደመር ነው፤ ይሁንና የሚባዙባቸውን እጅግ በርካታ ቁጥሮች ሰው ተቀምጦ አልጻፋቸውም። ሠሪዎቹ የጻፉት ቁጥሮቹ ከምሳሌዎች እየተማሩ የሚስተካከሉበትን ደንብ ነው። ስለዚህ ኮዱን ገልጦ ማንበብ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከዚህ ተነሥቶ ማሽኑ የራሱ ሐሳብ አለው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ጉንዳኑም አስገርሞናል እንጂ አላሰበም።

መሸሻ ነው ወይ ላሉት፣ መልሱን አስቀድሞ አለማወቅ ገደብ ላለማበጀት ምክንያት አይሆንም እላለሁ። ባለፈው ዓመት በእጅ የመደባችኋቸውንና ፕሮግራሙ አይቷቸው የማያውቃቸውን ደረሰኞች ስጡት፤ የት የት እንደሚሳሳት መዝግቡ፤ የክፍያ ማዘዣ የማጽደቅ ሥልጣን ግን ከሰው ፊርማ አይውጣ።