መልስ፦ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተራው ሰው ዘንድ ይደርሳል ወይ?

ወንድሜ፣ «ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ከባለሙያ አልፎ ተራው ሰው ዘንድ ይደርሳል ወይ?» ላልከው (ክፍት ምንጭ ማለት ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር ነው)፣ ደርሷል እኮ! አንድሮይድ ስልክ ያለው ሁሉ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን የሊኑክስ ከርነል (የክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና እምብርት) ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ቪኤልሲ የተባለውን ክፍት ምንጭ የቪዲዮ ማጫወቻም እይ፤ የፓሪስ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ሰው የወደደው ኮዱ ክፍት ስለሆነ አይደለም፤ ሌላው ማጫወቻ «ኮዴክ የለም» ብሎ እምቢ ያለውን ቪዲዮ እሱ ወዲያው ስለሚከፍትለት ነው።

ያልተሳካው ዴስክቶፑ ላይ ነው። ብዙው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ተጭኖበት ይመጣል። ሊኑክስ ለመጫን ግን ፍላሽ ማዘጋጀት፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) መግባት አለ። ዋይፋዩ አልሠራ ካለ ደግሞ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ተርሚናል ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ እናቴን እዚያ ጥቁር መስኮት ፊት ላስቀምጣት አልችልም። ተጭኖ ሲመጣ ግን ሌላ ነው፤ ስቲም ዴክ የተባለው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፣ ተጫዋቹ ከፍቶ ይጫወታል።