ባዮሎጂ ለደረሰህ ወንድሜ

ጤና ሞልቼ ባዮሎጂ ደረሰኝ፣ የላቲን ስም መሸምደድ አንገሸገሸኝ፣ ኢቮሉሽን፣ ሕይወት ያለው ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይለወጣል የሚለው ትምህርት፣ ደግሞ ከእምነቴ ጋር ይጋጭብኛል፣ ተመርቄስ ከማስተማር ሌላ ምን ስራ አለ ብለህ ነው የጻፍክልኝ።

ስሙን እንደ ስልክ ቁጥር ስለያዝከው ነው የከበደህ። ቀይ ቀበሮን እይ፣ እኛ ቀበሮ አልነው እንጂ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው፣ ካኒስ ማለት ውሻና ተኩላ ያሉበት ጂነስ፣ የቅርብ ዘመዳሞች ቡድን ነው፣ ሲሜንሲስ ደግሞ የሰሜን ተራራ። ሁለት ቃል ዘመዱንም አገሩንም ነገረህ በቃ።

ዝርያን ከዝርያ መለየት ደግሞ እንጀራም ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ ተገኘች፣ ትንኝ ሁሉ ትንኝ ነው ብሎ ያለፈ ሰው መቼም አያገኛትም ነበር፣ ያገኟት ክንፏንና እግሯን በማይክሮስኮፕ አይተው ዲኤንኤዋንም አመሳክረው ከነባሯ የአገራችን የወባ ትንኝ ከአራቢየንሲስ የለዩ ባለሙያዎች ናቸው። እና ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ፣ ይቺኛዋ ከተማ ውስጥ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከዝናብ ወቅት ውጪ ወባ ሲነሳ እሷ ነበረችበት።

ኢቮሉሽንም እንደዛው። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የወባ ፓራሳይት የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲኑን የሚያሰራው ጂን የጠፋበት ፓራሳይት ግን ኪቱን ያመልጣል፣ ሰውየው ኔጌቲቭ ነህ ተብሎ ሳይታከም ይመለሳል፣ ያ ፓራሳይት ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይበዛል፣ ኢቮሉሽን ማለት ይሄው ነው። እዚሁ አገራችን የታየ ነገር ነው። ስለ እምነትህ እኔ አልፈርድም፣ ከንስሐ አባትህም ጋር ተነጋገርበት፣ ግን ትምህርቱ ሰው ከዛሬው ዝንጀሮ ተወለደ አይልም፣ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው፣ ያልተባለ ነገር አያስጨንቅህ።

ስራውን በተመለከተ አልዋሽህም፣ ዲግሪ ብቻ ይዘህ ከወጣህ ይከብዳል። በወባ ቁጥጥር፣ በእርሻ ምርምር፣ በብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ እንደ አርማወር ሀንሰን ባሉ የምርምር ቦታዎች የሚፈለገው እጁ የሰለጠነ ሰው ነው፣ ናሙና መሰብሰብ፣ መለየት፣ ፒሲአር የሚባለውን የዲኤንኤ ምርመራ መስራት፣ ዳታ መያዝ።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ትንኝ ላይ የሚሰራ መምህር ፈልገህ ፊልድ ስትወጡ ልከተል በለው፣ ክፍያ አትጠይቅ። መጀመሪያ ወንዱን ከሴቷ መለየት ልመድ፣ የወንዱ አንቴና ጸጉራም ነው፣ ከዛ ዝርያውን። የመመረቂያ ፕሮጀክትህንም ከዛው አውጣ።