በመኪናቸው ለሚያድሩ፦ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ ደረቅ ወንዝና ስለ ውሃ

በዚህ ዕትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የደረሱን የሚኒባሳቸውን የኋላ ወንበር አንሥተው ፍራሽ ዘርግተው፣ ወይም ላንድክሩዘራቸው ላይ ድንኳን ጭነው ወደ አዋሽ፣ ወደ ቁልቢና ወደ ባቢሌ ከሚወጡ የድሬዳዋና የሐረር አንባቢዎቻችን ነው። ለመልሱ ሲባል ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ከዚራ ነው። ያገለገለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ገዝቼ ከሁለት ረድፍ ወንበሮች ቦታ ላይ አልጋ ላሠራ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ማቀዝቀዣ ከሌለ ልጆቹን ይዛ እንደማትወጣ ነግራኛለች። ገበያ ላይ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚሠራ ርካሽ ማቀዝቀዣ አይቻለሁ። እሱን ልግዛ? ባትሪስ ምን ያህል ይበቃኛል?»

መልስ፦ ያዩት ዓይነት ርካሽ ማቀዝቀዣ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፕሬሰር የለውም፤ ማድረግ የሚችለውም የውስጡን ሙቀት ከውጭው አየር በ20 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። በደጋ አገር ይህ ሊበቃ ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ 35 ዲግሪ ስትደርስ ግን የማቀዝቀዣው ውስጥ 15 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው፤ ሥጋና ወተት ደግሞ ሳይበላሹ እንዲቆዩ ከ5 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው። በዚያ ላይ ያለ ዕረፍት ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ባትሪዎን ይጨርሳል። ስለዚህ አይግዙት።

ኮምፕሬሰር ያለው የመኪና ማቀዝቀዣ ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አነስተኛው ዓይነት ሲሠራ ወደ 50 ዋት ይወስዳል፤ በእኛ ሙቀት ከቀኑ ግማሹን ያህል እንደሚሠራ ብናስብ በ24 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የተለመደው የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር በእጅዎ ያለው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ማለት መብራትና ስልክ ሳይቆጠር ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ብቻ ይበቃዎታል። ሁለት ሌሊት ለማደር ካሰቡ ወይ ጣሪያው ላይ ሶላር ያስፈልግዎታል፣ ወይ በመካከሉ መኪናውን መንዳት ይኖርብዎታል። ባለ 100 ዋት አንድ ፓኔል በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ ሁለት ቢያደርጉት ይሻላል። ፓኔሉ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር እንዳይጣበቅ፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ ያሠሩት፤ ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየአንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና፣ ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን የሚታይ ጉድለት ያመጣል።

የማቀዝቀዣው ባትሪ ሞተር ከሚያስነሣው ባትሪ የተለየ መሆን አለበት። ሁለቱ ከዲናሞው አብረው እንዲሞሉ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን እንዲለያዩ የሚያደርግ መለያ ሬሌ በመካከላቸው ይገባል፤ አለበለዚያ ሌሊቱን ማቀዝቀዣው ሲሠራ አድሮ ጠዋት መኪናው አይነሣም፣ እርስዎም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የሚገፋ ሲፈልጉ ይውላሉ። ዋናውን ፊውዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠሪው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ እንዲያስገባው ቆመው ያሠሩት። ፊውዙ ከሽቦው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ከሆነ፣ ሽቦው በመሐል ቆርቆሮ ፈትጎት ሲነካ እሳት ከመነሣት የሚያድነው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን አስተያየት ልጨምር፤ ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ማቀዝቀዣውን ይተዉትና ጥሩ የበረዶ ሳጥን ይያዙ። ከመውጣትዎ ሁለት ቀን አስቀድመው በሃይላንድ ፕላስቲኮች ውስጥ ውሃ፣ አፋቸው ድረስ ሳይሞሉ፣ በቤትዎ ፍሪዘር ያርጉት፤ ሥጋውንም እንደዚሁ አርግተው ከሥር ያድርጉት። በረዶው ሲቀልጥ የሚጠጣ ውሃ ይሆናል፣ ሳጥኑም አይረጥብም። በቆጠቡት ገንዘብ አየር ይግዙ፦ ጣሪያ ላይ የሚከፈት መስኮት፣ በሁለቱም ጎን መስኮቶች ላይ የሚለጠፍ ወንፊት፣ ከጣሪያው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የሚወጠር ነጭ ሸራ። ልጆች የሚያለቅሱት ጁሱ ስላልቀዘቀዘ አይደለም፣ መኪናው ውስጥ አየር ስላጡ ነው። የፊት መስታወቱን የሚጋርደውን የሚያብረቀርቅ መከለያ ከውጭ በኩል ቢያደርጉት ከውስጥ ከማድረግ እጅግ ይሻላል፤ ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ መመለስ አይቻልምና። ወንፊቱ በቀንም እንዲያገለግል ሆኖ ይሠራ። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያስጨነቀውን ደንጊ የተባለ የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው በአብዛኛው በቀን ነውና የማታ አጎበር ብቻውን አይበቃም።

ወንበር ከማስነሣትዎ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀው ፈቃዱን ቢጨርሱ በቦሎ ጊዜ ከመንከራተት ይድናሉ።

ጥያቄ፦ «ሐረር ሸንኮር የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ቀድመን ወጥተን መኪናችን ውስጥ ለማደር አስበናል፤ ባለፈው ጊዜ ብርዱ አላስተኛንም። ከሰሉ በደንብ ፍም ሆኖ ጭሱ ካለቀ በኋላ ምድጃውን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ብናስገባው ችግር አለው?»

መልስ፦ አታስገቡት። ለአንድ ሰዓትም፣ ለሩብ ሰዓትም፣ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁም ቢሆን አታስገቡት።

ጭሱ ማለቁ አደጋው ማለቁን አያሳይም። ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ በብዛት የሚያወጣው በዚያው በቀላበት ሰዓት ነው፤ ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ወደ ደም ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያም እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ለመተኛት የገባ ሰው ደግሞ እንቅልፍ እንግዳ ስለማይሆንበት አይጠራጠርም። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳሳጣን ሁላችንም የምናውቀው ነገር መኪና ውስጥ ሲሆን ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ እጅግ ይፈጥናል። ቆሞ በሚያድር መኪና ሞተር አስነሥቶ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛትም ያው ነው፣ በተለይ በንግሥ ሰሞን መኪኖች ተጠጋግተው በሚቆሙበት ቦታ የጎረቤታችሁ ጭስ ማውጫ ወደ እናንተ መስኮት ሊዞር ይችላል። ከመካከላችሁ ራሴን አመመኝ የሚል ካለ ወዲያው ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፣ እሱንም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ብርዱን በሌላ መንገድ እንከላከለዋለን። ቁልቢ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀዘቅዝ ከድሬዳዋ በሸሚዝ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ሙቀቱን የሚያጣው በአብዛኛው ከሥሩ ነው፣ የመኪናው ወለል ብረት ነውና። ስለዚህ ጋቢውን ሁሉ ከላይ አትደርቡት። ከብረቱ ላይ ኮምፔንሳቶ ወይም ወፍራም ካርቶን፣ ከዚያ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ላይ አንድ ጋቢ አንጥፉና ሌላውን ልበሱት። ቀን የለበሳችሁት ልብስና ካልሲ በላብ ስለሚርስ ከመተኛታችሁ በፊት ቀይሩት። የጎማ ውሃ መያዣ ካላችሁ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ አጠገብ አድርጉት፤ ሃይላንድ ፕላስቲክ ግን የፈላ ውሃ አይችልምና አትሞክሩት። ፔርሙዝ ሙሉ ሻይም ሌሊት ሲነቁ ይጠቅማል። ብርዱ ቢከብድም በሁለቱም ጎን መስኮቱን ሁለት ሁለት ጣት ክፍት አድርጉት፤ የአራት ሰው ትንፋሽ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተጠራቅሞ መስታወቱ ላይ ውሃ ይሆንና ጠዋት ልብሳችሁ ርሶ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ «ከከተማ ወጣ ስንል የደረቀው ወንዝ አሸዋ ሜዳ ሆኖ፣ ጥላም ስላለው፣ መኪናችንን እዚያ አቁመን ብናድር ደስ ይለናል። ዝናብ ከሌለ አደጋ አለው?» (ከሳቢያን)

መልስ፦ ያላችሁበት ቦታ ላይ ዝናብ አለመኖሩ ምንም ዋስትና አይሆንም። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎና ከሐረርጌ ተራሮች ነው፤ ድሬዳዋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት እየታዩ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ መሐል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ይህች ከተማ ያንን ሌሊት አትረሳውም፤ እናንተም ደረቅ አሸዋ ባያችሁ ቁጥር እንድታስታውሱት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ቦታ ስትመርጡ ዳርና ዳሩ ያሉትን ቁጥቋጦዎች ተመልከቱ። ቅርንጫፎቻቸው ላይ ደረቅ ሣር፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የተጠላለፈ እንጨት ተንጠልጥሎ ካያችሁ ባለፈው ጎርፍ ውሃው እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ መኪናችሁ ከዚያ ምልክት በብዙ ከፍ ብሎ፣ ወደ መንገዱ በሚወጣበት ጎን ይቁም። ጥላውን ቀን ተጠቀሙበት፣ ለሌሊት ግን ውጡ።

ቀን አሸዋው ላይ ጎማ ቢሰምጥባችሁ ነዳጅ አትርገጡ፤ እየቆፈረ ይገባል። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ በአካፋ ጥረጉና የጎማውን ንፋስ ወደ ግማሽ ቀንሱት፣ ጎማው ሲተኛ አሸዋውን የሚነካበት ቦታ ይሰፋልና። የወለሉን ምንጣፍ ከሥሩ አንጥፋችሁ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ንፋስ የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ መያዝ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በቀነሰ ጎማ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማውን ያፈነዳዋል።

ጥያቄ፦ «ለአምስት ሰው ሁለት ቀን ምን ያህል ውሃ እንያዝ? የዘይት ጀሪካን አጥበን ብንጠቀም ሽታው አልለቅ አለን።» (ከቀፊራ አካባቢ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ በቆላ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ ብቻ 5 ሊትር ያስቡ፤ ለአምስት ሰው ሁለት ቀን 50 ሊትር ይሆናል፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ሲጨመርበት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይያዙ። የዘይቱን ጀሪካን ለዕቃ ማጠቢያ ያድርጉት እንጂ ለመጠጥ አይጠቀሙበት፤ ዘይቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ሽታው አይለቅም። አዲሱን ጀሪካን በበረኪና ውሃ አጥበው ግማሽ ሰዓት አቆይተው ደጋግመው ያለቅልቁት። በመንገድ የሚቀዱትን ውሃ በውሃ አጋር ካከሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቀው 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ውሃው ደፍራሽ ከሆነ አስቀድመው በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። ክዳኑ ሁልጊዜ ይዘጋ፣ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል የምትጥለው በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ላይ ነው።

ለእጅ መታጠቢያ አንድ ዘዴ ልንገርዎ። ሃይላንድ ፕላስቲክ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በጋለ ሚስማር ይብሱና ቀዳዳውን በጣትዎ ይዘው ሞልተው ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዝጉት፤ ጣትዎን ሲያነሡ ውሃው አይፈስም፣ ከላይ አየር ስለማይገባ። ክዳኑን ትንሽ ሲያላሉት ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ ሲያጠብቁት ይቆማል። ልጆች በአንድ ጆግ ይጨርሱት የነበረው ውሃ ለሁሉም ይበቃል።

ጥያቄ፦ «ውሃውንም፣ ቡታጋዙንም፣ ድንኳኑንም ፖርቶ መጋላው ላይ ጭነን ከሐረር ወደ ድሬ ብንወርድ ደንገጎ ላይ ያስቸግረናል?» (ከሐረር)

መልስ፦ አዎን፣ ያስቸግራችኋል። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው፤ 80 ሊትር ከጣሪያ ላይ ሲሆን መኪናው በየኩርባው ወደ ውጭ ይዘማል። ውሃውን ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጣሪያው ላይ ድንኳን፣ ፍራሽና ሸራ ብቻ ይውጣ። ቡታጋዙ ቆሞ፣ ታስሮ፣ መዝጊያው ተጠብቆ ይሂድ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ በደረሳችሁበት ሁሉ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡትና ካልተኩረፈረፈ ብቻ ለኩሱት፣ ምግቡንም ውጭ አብስሉ። ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማርሽ አውጥታችሁ፣ አትውረዱ። ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ልቀቁት እንጂ አትተኙበት። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁሙና ራሱ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ «አዋሽ ፓርክ ዝንጀሮ ምግብ ይነጥቃል ይባላል፤ እውነት ነው?» (ከለገሃሬ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ በመስኮትም ይገባል። ምግብ ሳታወጡ በፊት መስኮቱን ዝጉ፣ አትቀልቡት፣ የተራረፈውን በተዘጋ ባልዲ ይዛችሁ ተመለሱ። ማታ ድስት ውጭ አታሳድሩ፤ ጅብም ከሩቅ ያሸተዋል። ለማደር ደግሞ ፓርኩ የሚሰጣችሁን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ እሱ በሚያሳያችሁ ቦታ ብቻ ቁሙ።