ባቡር በሌለበት አገር «ባቡር»

ጥያቄ፦ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አሁን ደብረ ብርሃን እማራለሁ። ክፍል ውስጥ «አንድ ቴክኖሎጂ ከአንዱ ኢንዱስትሪ ወደ ሌላው እንዴት ይሸጋገራል?» የሚል ውይይት ነበረን። እኔ «አያቴ ወፍጮ ቤቱን ባቡር ነው የምትለው» ብል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መንዝ ሃዲድ የለም። አያቴ ተሳስታ ነው?

መልስ፦ ኧረ አልተሳሳቱም! ለውይይታችሁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

«ባቡር» ከሃዲድ ጋር የተወለደ ቃል አይደለም። ሥሩ እንፋሎት ነው። ጣሊያን «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳይ «ቫፐር» ይለዋል። በዓረብኛ በኩል ሲያልፍ «ባቡር»፣ «ዋቡር» ሆነና እኛ ዘንድ ደረሰ። ግብፆች ባቡሩንም፣ የዱቄት ወፍጮውንም፣ ሻይ የሚያፈሉበትን የላምባ ምድጃም «ዋቡር» ብለውታል። ስሙ የወጣው ለሞተሩ ነው፤ ለሥራው አይደለም።

ሞተሩ ደግሞ ሥራ ሲቀያይር ነው የኖረው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1712 ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ የሠራው የእንፋሎት ሞተር ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውኃ ያወጣ ነበር። ወደ ላይ ወደ ታች ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም። ይህን ወፍጮ ቤት ቢወስዱት ምን ይሠራል? ድንጋዩ መዞር አለበት። ጄምስ ዋት በ1781 የፈጠራ መብት ያስመዘገበባቸው ጥርሳም መዘውሮች ያንን ውጣ ውረድ ወደ ዙረት ቀየሩት። በ1786 ለንደን ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ የዱቄት ወፍጮ ተከፈተ። ሞተሩ በሃዲድ ላይ ጭነት የጎተተው ግን በ1804 ነው። ልብ በይ፤ እንፋሎት ፉርጎ ሳይጎትት በፊት እህል ፈጭቷል።

የአያትሽ ባቡር እርግጥ እንፋሎት የላትም። ናፍጣ ትጠጣለች፣ ዱክ ዱክ ትላለች፣ ቺንጋዋ የተበጠሰ ቀን ሰው ሁሉ ገብሱን እንደተሸከመ ይመለሳል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርስ? እሱም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። በእንፋሎት ከተባለ ሁለቱም ባቡር አይደሉም። ልብስ ሰፊው «መኪናዬ ተበላሸ» ሲል የሚስቅ አለ እንዴ?

ብቻ ለአዲስ አበባ ሰው ስትጽፊ «ወፍጮ ቤት» በዪ። አለዚያ ጣቢያ ሲፈልግ ይመሽበታል።

እኔን የከነከነኝ ሌላው ቃላችሁ ነው፤ «ይሸጋገራል» ያላችሁት። ወንዝ የተሻገረ ሰው ማዶ ነው፣ ወዲህ የለም። ሞተሩ ግን ወፍጮ ቤት ሲገባ የከሰል ጉድጓዱን አልተወም፤ ውኃውን እያወጣ ቀጥሏል። እኔ ብሆን «ወፍጮው ከማዕድኑ ተዋሰ» እል ነበር። ግን «የቴክኖሎጂ ሽግግር»ን መሥሪያ ቤቱም መምህሩም ለምዶታል። ፈተና ላይ እሱኑ ጻፊ።