መልስ፦ የስጦታ ሣጥኔ ሲታጠፍ ለምን ይሰነጠቃል?

ሰላም እህቴ። በመቁረጫ ማሽን የሠራሽው የስጦታ ሣጥን እጥፋቱ ላይ እየተሰነጠቀ፣ ክዳኑም አልገጥም እያለ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። ለሁለቱም መላ አለ።

ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። ወረቀት እንደ እንጨት የቃጫ አቅጣጫ አለው። ከመቁረጥሽ በፊት በቁመቱም በወርዱም ቀስ ብለሽ ጎበጥ አድርጊው። በቀላሉ እሺ ብሎ የሚታጠፍበት መስመር የቃጫው አቅጣጫ ነው። ረጃጅሞቹ እጥፋቶች በዚያው መስመር እንዲሄዱ አድርጊ። ለሣጥን በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ጠንከር ያለ ወረቀት እመርጣለሁ። ከዚያ ከወፈረ፣ ማሽኑ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የሚቆርጥበት ስስ የብረት ቅርጽ ሊቆርጠው ይቸገራል።

ማሽኑ የማጠፊያ መስመር ቢያወጣም እኔ ሁሌም እደግመዋለሁ። ማስመሪያ አስደግፌ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን እያልኩ አሰምርበታለሁ። ከዚያ ነው የማጥፈው። ይቺን ሥራ እባክሽ አትዝለያት! ጥርት ያለ ጠርዝ የሚገኘው በእሷ ነው።

ክዳኑንና የታችኛውን በአንድ ቅርጽ ከቆረጥሻቸው እኩል ስለሚሆኑ አይገጥሙም። የታችኛውን ማጠፊያ መስመሮች በአራቱም ጎን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መሃል አስጠግተሽ አስምሪያቸው። ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ጨምሪበት።

ወረቀቱና ቅርጹ በማሽኑ ሲያልፉ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ከጎበጠ ደግሞ ገልብጠሽ ተጠቀሚበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልቆርጥ ካለሽ፣ በዚያ በኩል ከሰሌዳው ሥር ቀጭን ወረቀት ደርቢና እንደገና በማሽኑ አሳልፊው።