ፎቶ «ውሰደኝ» ወይስ «አንሣኝ»?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ9 ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ፎቶ ውሰደኝ» ትለኛለች። «አንሣኝ በይ» ብዬ ሳርማት አንድ ወዳጄ «ምን አለበት? አሁን አዲስ አበባም እንደዚያ የሚሉ አሉ» አለኝ። ስሕተት ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ ማረምዎን አይተዉ። ነገሩ ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ልጅዎ የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ ያሰበችው ግን በእንግሊዝኛው «ቴክ» ነው። ይህ ግሥ የማይገባበት የለም። ለፎቶውም፣ ለክኒኑም፣ ለታክሲውም፣ ለፈተናውም፣ ለጊዜውም እሱው ነው። አማርኛ ግን ሥራውን አከፋፍሎታል። ፎቶ እንነሣለን፤ ክኒን እንውጣለን፤ ታክሲ እንይዛለን፤ እንፈተናለን። ጊዜ ደግሞ ይፈጃል። እጃችንን ዘርግተን ስንሰጥም «እንካ»፣ «እንቺ»፣ «እንኩ» እንላለን እንጂ «ውሰድ» አይቀድመንም።

«ቴክ» ራሱ ለእንግሊዝኛ እንግዳ ነበር። ምንጩ ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች «ታካ» ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. 1100 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ግሥ «ኒማን» ይባላል፤ የጀርመንኛው «ኔመን» ወንድም ነው። እንግዳው ባለቤቱን አስወጣው። ከ«ኒማን» ርዝራዥ አንዱ «ናምብ» ነው፤ የደነዘዘ ማለት ነው። በጥሬው ግን «የተያዘ» ማለት ነበር። እኛም እኮ «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ውጋት ያዘኝ» እንላለን።

ይህን ታሪክ ይዘው የሚሞግቱኝ አሉ። «እንግሊዝኛ ዋና ግሡን ከውጭ ካመጣ፣ አማርኛ አንድ አባባል ቢዋስ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ነገሩ ግን ለየቅል ነው። እንግሊዞች የወሰዱት ቃሉን ከነትርጉሙ ነው። እኛ የተዋስነው ቃል የለም። የራሳችንን ግሥ ከቦታው ነቅለን የሰው ሥራ አሸከምነው። ጀርመኖች የ«ቴክ» አቻ እያላቸው እንኳ ፎቶን «መሥራት» ይላሉ፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

«ወሰደ» የራሱ ጠባይ አለው። በግእዝ መራ፣ ይዞ ሄደ፣ አደረሰ ማለት ነው። ያ ትርጉም ዛሬም አልሞተም። «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ስንል መንገዱ ምንም አላነሣም፤ መርቶ ያደርሳል። እናት ልጇን ሐኪም ቤት ትወስዳለች። ጎርፍ ድልድይ ይወስዳል። እንቅልፍ እንኳ ሲወስደን ከዚህ ወደዚያ ነው። «ወሰደ» መነሻና መድረሻ ይፈልጋል። ልጅዎ «ውሰደኝ» ስትልዎት «ወዴት ልውሰድሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይገባታል።

አሁን ወደምወደው ቃል ልምጣ። «አነሣ» እና «ተነሣ» ከግእዙ «ነሥአ» የመጡ ናቸው። «ነሥአ» ደግሞ ያዘ፣ ተቀበለ፣ አነሣ ማለት ነው። በቅዳሴ «ንሥኡ ብልዑ» ሲባል «እንካችሁ፣ ብሉ» ነው። የዕብራይስጡ «ናሳ» የዚሁ ሥር ወንድም ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣውም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጌታ «እንጀራን አንሥቶ ባረከ» ይላል፤ «ወስዶ» አይልም። እንግዲህ እንግሊዝኛው በ«ቴክ» የሚፈልገውን አማርኛ በጥንቱ ሥር ይዞታል። ትርጉም የሚለምንበት ምክንያት አልነበረም። (በነገራችን ላይ፣ እኔ በ«ሣ» የምጽፈው ለዚህ ነው። ጋዜጦች «ተነሳ» ይላሉ፤ ብዙኃኑም ተከትሏቸዋል። ቅር እያለኝም ቢሆን አንባቢ እንደማይደናገር አምናለሁ።)

ከሥርወ ቃሉ የበለጠ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነው። «አነሣ» ቤተሰብ አለው። እኔ አነሣለሁ፤ እርስዎ ይነሣሉ፤ ባለሙያው ፎቶ አንሺ ነው። «ወሰደ»ን በቦታው ይተኩትና ይሞክሩት። «ትናንት ፎቶ ተወሰድኩ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ፎቶ ወሳጅ»ም ሌባ ነው የሚመስለው። ደግሞም «ፎቶውን ወሰደ» በአማርኛ የቆየ ትርጉም አለው፤ ከፎቶ ቤት ሄዶ የታጠበውን ተቀበለ፣ ወይም ከግድግዳ ላይ አውርዶ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ሌሎቹስ? «እርምጃ ወሰደ» ገብቶ ቤቱን ሠርቷል። ዜና ያለ እሱ አይነበብም፤ ተውኩት። «መድኃኒት ወሰደ»ንም ሳልወድ ተቀብያለሁ። የሚዋጠውን፣ የሚጠጣውንና የሚወጋውን በአንድ ቃል መጥራት ለሐኪም ይጠቅመዋል። «ኮርስ ወሰደ» ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ አፍ ላይ አለ። «ተማረ» ቢሉ ምን እንደሚጎድላቸው ግን እስካሁን አልገባኝም። «ሻወር ወሰድኩ»ን አልቀበልም። ገላችንን እንታጠባለን።

«ጊዜ ወሰደ»ን በተመለከተ ማስረጃው በእኔ ላይ ነው። የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል፤ ከተማ ብቻ አይደለም። ሰዋስውም አይከለክለውም፤ ጊዜን ይዞ የሚሄድ ነገር ሊኖር ይችላል። እኔ ግን «ሦስት ሰዓት ፈጀብን» ሲባል ሰዓቱ በእሳት እንደ ተበላ ማገዶ ይታየኛል። ስለዚህ «ፈጀ» እላለሁ። ልጅዎ «ወሰደ» ብትል ግን ይህቺን አያርሟት፤ ለፎቶዋ ብቻ ይጽኑ።